ከውዳቂ ዕቃ ስለሚሠራ ጊታርና ስለሚንቁት ሰዎች

ስለ ጊታር ልጽፍ ነው ብዬ ለአንድ ወዳጄ ባማክረው፥ «አንተ ሽማግሌ፥ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ መጻፍ ሲገባህ ጊታር ምን አገባህ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም «ስለ ልጆች አስተዳደግ እኮ ነው የምጽፈው» አልሁት። ነገሩ አልገባውም። አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም ለጊዜው ባይገባህ አልፈርድብህም፤ እኔም ራሴ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዋጋውንም የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ምስማርና ከአንድ ሽቦ ነው። በአሜሪካ አገር ሚሲሲፒ በሚባለው ክፍል፥ ዴልታ እየተባለ በሚጠራው የጥጥ አገር የሚኖሩ የጥቍር ገበሬዎች ልጆች፥ ጊታር መግዣ ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ የመጥረጊያ ማሰሪያ ሽቦ ፈትተው በቤታቸው ግድግዳ ላይ በምስማር ይወጥሩ ነበር። ከሽቦው ሥር በላይና በታች ጠርሙስ ወይም ቈርቈሮ ወሽቀው ከፍ ያደርጉታል፤ ከዚያም በአንድ እጃቸው ሽቦውን እየመቱ በሌላው እጃቸው ሌላ ጠርሙስ በላዩ ያንሸራትታሉ። የጊታሩ ሆድ ቤቱ ራሱ ነው። ይህ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ዲድሊ ቦው ይባላል። በ1912 ገደማ በቴክሳስ የተወለደው ላይትኒን ሆፕኪንስም (ዓመቶቹን የምቈጥረው፥ ሌላ ካላልሁ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች ነው) የመጀመሪያ ጊታሩን የሠራው ከሲጋር ሳጥን፥ ከጣውላና ከሽቦ ነው። ብሉዝ የሚባለው የኀዘንና የቀልድ ዘፈን ካደገባቸው ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከፋብሪካ የሚወጣው ጊታር በአንገቱ ላይ የብረት መስመሮች ስላሉት ድምፁ እንደ ደረጃ ነው፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ መካከሉ ላይ አይቆምም። ብሉዝ ግን የሚያለቅሰው በደረጃዎቹ መካከል ነው። ጠርሙሱ በሽቦው ላይ ሲንሸራተት ግን ያንን መካከለኛ ስፍራ ያገኘዋል፤ የሰው ጉሮሮ እንደሚያደርገው ድምፁን እየሳበ ያወጣዋል። ስለዚህ ያ የግድግዳ ሽቦ ጊታር የጎደለው ድኻ ምትክ ብቻ አልነበረም፤ ለሚዘፈነው ዘፈን የተስማማ መሣሪያ ነበረ። የእኛን ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ብዙ ክርክር አያስፈልገውም። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፥ ቍርበት የተለበደበት ሆድና አንድ ደጋን ይዞ፥ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣ አዝማሪ ያላየ ማን አለ? በማሲንቆም አንገት ላይ የብረት መስመር የለም።

ኤሌክትሪክ የመጣው ኋላ ነው። ገበሬው እርሻውን ትቶ ወደ ከተማ ሲገባ፥ በመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ውስጥ የሣጥን ጊታር የሚሰማው ጠፋ። በ1943 ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ የሄደው ሙዲ ዋተርስ የኤሌክትሪክ ጊታር ያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ምሥጢሩ ግን ሰዎች እንደሚያስቡት የረቀቀ አይደለም። አንድ ማግኔት ወስደህ፥ ከፀጕር ብዙም የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ጥቂት ሺህ ጊዜ ትጠመጥምበታለህ፤ የብረት ክር በላዩ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን ኀይል ያናውጠዋል፤ ያም ናውጥ በመዳቡ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይወልዳል፤ ያንን ወደ ድምፅ ማጉያ ሰድደህ ትሰማዋለህ። ማይክል ፋራዴይ በ1831 የገለጠው ሕግ ይኸው ነው። እንግዲህ ማግኔትና መዳብ ካለ፥ የዘይት ቆርቆሮም ቢሆን፥ የሲጋር ሳጥንም ቢሆን፥ የአልጋ ጣውላም ቢሆን የኤሌክትሪክ ጊታር ሊሆን ይችላል።

ልጄ ይህን ያወቀው በዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ግን አላውቅም ነበር።

በዋሽንግተን አካባቢ በምንኖርበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ብዙ ማምሸት በጀመረ ጊዜ፥ ትምህርቱን የሚያጠና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ያንጊዜ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበርሁ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለምገባ የሚሠራውን አላይም። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብገባ፥ ባዶ የብስኩት ቈርቈሮ በጭኑ ይዞ አገኘሁት። ጎረቤት ከጣለው አልጋ አንድ ጣውላ መጋዝ አድርጎ አንገት አበጅቶለታል። ከተሰበረ ሬዲዮ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ፈትቶ፥ ከቁም ሣጥን መዝጊያ ባወጣው ማግኔት ላይ በእጁ እየጠመጠመ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ምን ታደርጋለህ?» ብለው በጣቱ ዝም እንድል አመለከተኝ። ኋላ እንደ ነገረኝ አራት ሺህ ከምናምን ደርሶ ነበርና ቍጥሩ እንዳይጠፋበት ነው። እኔ ግን አባቱን በጣት ዝም የሚያሰኝ ልጅ አሳደግሁ ብዬ ተቈጥቼ ወጣሁ። የገዛው ነገር ቢኖር ሦስት የብረት ክር ብቻ ነው፤ እርሱንም ለምሳ ከምንሰጠው ገንዘብ አጠራቅሞ ነው።

የታናሽ እኅቱ ልደት ሲከበር የዕድራችን ሰዎች ቤታችን መጡ። ልጁም ሥራውን አወጣ። ከአንድ አሮጌ ማጫወቻ ጋር አገናኝቶ፥ በመድኃኒት ብልቃጥ ክሩን እያንሸራተተ ይጫወት ጀመር። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ያማረ አልነበረም፤ እንደ ንብ ይጮኻል፥ ቅኝቱም ቶሎ ቶሎ ይፈታል። ዳሩ ግን ከዚያ ጩኸት ውስጥ አልፎ አልፎ የሚወጣ አንድ ድምፅ ነበረ፤ ባለቤቴ ከማድ ቤት እጇን ሳታደርቅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከእንግዶቻችን መካከል ግን አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ስማ እንጂ፥ ይህን ልጅ አሜሪካ ያመጣኸው ቆሻሻ ለማስለቀም ነው እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ባለቤቴ አልሳቀችም።

በማግሥቱ ማለዳ የቆሻሻ መኪና ከመምጣቱ በፊት ያንን ጊታር ወስጄ ጣልሁት። በዚያው ሳምንት ሦስት መቶ ዶላር የሚያወጣ፥ ቀይ፥ የሚያብረቀርቅ ጊታር በብድር ገዛሁለት። ልጄም «አመሰግናለሁ፥ አባባ» አለኝ። የጣልሁትን አልጠየቀኝም። አዲሱ ጊታር እስከ ዛሬ ከነሣጥኑ አለ፤ አንድም ክር አልተበጠሰበትም፤ የማይነኩት ዕቃ ምኑ ይበጠሳል!

እንግዲህ ያን ቀን ያሳቀን ምንድር ነው? ይህን ስመረምር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ሽማግሌውን አልወቅስም፤ እርሳቸው የተናገሩት ሁላችንም ከአገራችን ይዘነው የመጣነውን ነው። በእኛ ዘንድ በእጁ የሚሠራ ሰው ስሙ ስድብ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቍርበት የሚፍቀውን በቡዳነት ስንጠረጥር ኖረናል፤ በሠራው ማረሻ አርሰን፥ በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተን በልተን ነው ይህን የምንለው። ማሲንቆ የሚመታውንም አዝማሪ በሰርጋችን እንጠራዋለን፥ ልጃችንን ግን አንድርለትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ንቀቱ ግን በሻንጣችን ውስጥ ተጣጥፎ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻገረ። ልጄ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም፥ ቀጥቃጭነትንም አዝማሪነትንም፥ በቤቴ ውስጥ በእንግዳ ፊት አወጣብኝ። የሣቅነው ስለ ፈራን ነው።

ስደተኛ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይፈራል። ስደተኛ ዕቃ የሚገዛው ለመጠቀም ብቻ አይደለም፤ ደረሰኙን ለማሳየት ነው። አዲስ መኪና በብድር፥ አዲስ ሶፋ በብድር፥ ለልጁ ቀይ ጊታር በብድር። ከፋብሪካ የወጣ ነገር «ተሳክቶልኛል» ብሎ ይመሰክርለታል፤ በእጅ የተሠራ ግን የሚመሰክርበት ይመስለዋል።

ይህ የመጀመሪያው ንቀት ነው። ሁለተኛው ግን አክብሮት መስሎ ስለሚመጣ የበለጠ ያስቈጣኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገበያ መንገድ ሳልፍ፥ በመስተዋት ውስጥ የሲጋር ሳጥን ጊታር ተሰቅሎ አየሁና ልቤ ደነገጠ። ገባሁ። ሻጩ አውርዶ አሳየኝ። ጣውላው አዲስ ነው፤ አሮጌ እንዲመስል በሰንሰለት ተደብድቧል፤ ምስማሩ እንዲዝግ መድኃኒት ተቀብቷል። ዋጋው ከስድስት መቶ ዶላር በላይ ነው። ሻጩም ዓይኑን ጨፍኖ፥ እውነተኛ ብሉዝ የሚወጣው ከድህነት ብቻ ነው፥ ጥሩ ጊታር ያገኘ ሰው ነፍሱን ያጣል፥ እያለ ሰበከልኝ። ይህን የሚለኝ ሰው ካፖርቱ የእኔን የሁለት ወር ደመወዝ ያወጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ስብከት ከዚያ ወዲህ በብዙ ስፍራ ሰምቼዋለሁ። ድኻው በድህነቱ ይቈይልን፤ ሲያለቅስ ዜማው ይጥመናልና፥ ማለት ነው እንጂ ሌላ ትርጓሜ የለውም።

ለእነዚህ ሰዎች አንድ ታሪክ ላስታውሳቸው። በ1949 ክረምት፥ ትዊስት በምትባል የአርካንሳስ መንደር፥ ቢቢ ኪንግ በአንድ የጭፈራ ቤት ሲጫወት ሁለት ሰዎች ተጣሉና ቤቱን ለማሞቂያ የተቀጣጠለውን ጋዝ ገለበጡት። ቤቱ ተያያዘ። ኪንግ ከወጣ በኋላ ጊታሩን መርሳቱን ባወቀ ጊዜ ወደ እሳቱ ተመልሶ ገብቶ አወጣው። ያ ጊታር የሠላሳ ዶላር የፋብሪካ ጊታር ነበር። ሰዎቹ የተጣሉባት ሴት ስሟ ሉሲል መሆኑን ሲሰማ፥ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ሞኝነት እንዳይሠራ ለማስታወሻ ጊታሩን ሉሲል አለው። በጥጥ እርሻ ላደገ ሰው፥ ለሠላሳ ዶላር ዕቃ እሳት ውስጥ የሚያስገባው ፍቅር እንዴት ያለ ነው? የጥጥ ለቃሚ ልጅ ጥሩ ጊታር ማግኘት ነፍሱን ያጠፋበታል የሚል ሰው፥ ከዚያ እሳት በር ላይ ቆሞ ይህንኑ ለኪንግ ይንገረው። ሆፕኪንስም የሲጋር ሳጥኑን ሲተው ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም። ሽቦ በግድግዳ የወጠሩት ልጆች ድህነትን ሊያመሰግኑ አልወጠሩትም፤ ሊያመልጡት ነው እንጂ።

በ1960 በሎስ አንጀለስ፥ ቤት የሌላቸው ሰዎች በሚያድሩበት ሰፈር፥ ኤዲ ጆንስ የሚባል ሰው በአንድ ጣውላ ላይ አንድ ሽቦ ወጥሮ፥ በቈርቈሮ ድምፁን እያጎላ ሲጫወት ተገኘና ዜማው ተቀዳ። ሸክላው ኋላ ታትሞ ወጣ፤ አዋቂዎች ዛሬም ያደንቁታል። የሰውዬው ኑሮ ግን ከዚያ ወዲያ ምን እንደ ሆነ ዓለም አልተከታተለም። ዜማውን ወሰዱ፥ ሰውዬው እመንገድ ቀረ። ከሚሲሲፒ የተነሣው ሎኒ ፒችፎርድ ግን በ1998 ሲሞት ቢያንስ ወገኖቹ አስበውለታል፤ በመቃብሩ ድንጋይ ጎን የሚመታ አንድ ክር ተወጥሮለታል። መቃብር የሚጎበኝ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊመታው ይችላል።

እንግዲህ የእጅ ሥራን ድህነት ነው ብሎ የሚንቅና ድህነትን ጌጥ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም በዕቃው ላይ የሚያዩት ችጋሩን ብቻ ነው። የሠራውን ሰው ዕውቀት አያዩም። ጄምስ ጆንሰን፥ በቅጽል ስሙ ሱፐር ቺካን የተባለው የክላርክስዴል ብሉዝ ዘፋኝ፥ የጦር ሠራዊት ከጣለው የቤንዚን ጀሪካን የኤሌክትሪክ ጊታር ይሠራል፤ በእጁም ሥዕል ይሥልበታል። እንዲያ የሚያደርገው ሱቅ ስለ ጠፋ ነውን? በኪንሻሳም ኮኖኖ ቍጥር 1 የተባሉት ሙዚቀኞች ከተሰባበረ መኪና ዕቃ ማግኔት አውጥተው ለባህላቸው መሣሪያ ድምፅ ማንሻ አበጅተውለት፥ ዓለምን ዞረውበታል።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የአንድ እንግሊዛዊ አባትና ልጅ ነገር ነው። በ1963 ብራያን ሜይ የተባለ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፥ የተመኘውን ጊታር የሚገዛበት ገንዘብ በቤታቸው ስላልነበረ፥ ከአባቱ ጋር ሊሠራ ተነሣ። አንገቱን የጠረቡት ከአንድ አሮጌ የእሳት ምድጃ መደርደሪያ እንጨት ነው። ክሩን የሚያላላውና የሚያጠብቀው ጥምዝ ሽቦ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የወጣ ነው። በአንገቱ ላይ ያሉት ነጫጭ ምልክቶች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የተገኙ ቍልፎች ናቸው። ለመጨረስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ያ ልጅ ኋላ ኵዊን ከተባለው ጓድ ጋር ዓለም ያወቀው ሙዚቀኛ ሆነ፤ በ2002ም በንግሥት ኤልሳቤጥ በዓል ቀን በቤተ መንግሥቱ ጣራ ላይ ቆሞ የመታው ያንኑ ከምድጃ እንጨት የተሠራ ጊታር ነው። ዝናው አይደለም እኔን የሚያስቀናኝ። ልጄ ዝነኛ ይሆን ነበር አልልም፤ ምናልባት አይሆንም ነበር። የሚያስቀናኝ አባቱ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ማታ ማታ የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ይህን ስናገር መልስ የሚሰጡኝ አባቶች አሉ። አንዱ፥ «ልጅ በኤሌክትሪክ ቢያዝስ?» ይለኛል። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፥ አላቃልለውም። ማግኔቱ የሚወልደው ኤሌክትሪክ ጕንዳን አይጎዳም፤ ከግድግዳ ኀይል የሚስበው አሮጌ ማጉያ ግን ሊገድል ይችላል፤ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ኀይል አቍሮ የሚቈይ አለና ልጅ ከፍቶ እንዲጎረጕረው ሊተዉት አይገባም። ነገር ግን ይህ አባት ከልጁ አጠገብ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ምክንያት ነው እንጂ ጊታሩን እንዲጥል የሚያዝ አይደለም። ሌላው ደግሞ፥ «ጊዜ ማባከን ነው፥ ሒሳብ ይሥራበት» ይለኛል። ሒሳብማ እዚያው አለ። ክሩን እኩሌታው ላይ ብትይዘው ድምፁ በአንድ ስምንት ደረጃ ከፍ ይላል፤ ሲሶው ላይ ብትይዘው ሌላ ይሆናል፤ ልጄ ይህን በእርሳስ በአልጋው ጣውላ ላይ በመስመር አስፍሮት እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ያንጊዜ ልጅ የሞነጫጨረው መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው የሚለኝን ግን መመለስ ያስቸግረኛል። «እኛ የተሰደድነው ልጆቻችን ከውዳቂ ዕቃ ጋር እንዳይኖሩ ነው» ይላል። እኔም እንደዚሁ ነበር የምል። አሁን የምመልስለት፥ ውዳቂውን ዕቃ የመረጠው ልጁ ነው፤ እኔ የመረጥሁለት ግን የሰው ሳቅ እንዳይሰማኝ የሚከልለኝን ነው፥ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ልጄን፥ አሁን በሌላ ከተማ የልጆች አባት ነው፥ በስልክ ሳነጋግረው ድፍረት አገኘሁና፥ «ያን የብስኩት ቈርቈሮ እኔ ነኝ የጣልሁት» አልሁት። ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎም፥ «አውቃለሁ፥ አባባ፤ በመስኮት አይቼሃለሁ። ክዳኑን ሁለት ጊዜ ከፍተህ አየኸው» አለኝ። ሁለት ጊዜ መክፈቴን እኔ ረስቼዋለሁ። ከዚያም ስለ ልጆቹ ጕንፋን አወራን።

ከጡረታ ወዲህ ጊዜ ስላለኝ አንድ የሲጋር ሳጥን፥ አንድ የመጥረጊያ እንጨትና ከተጣለ ሬዲዮ የፈታሁት ሽቦ ይዤ በዚያው ምድር ቤት እቀመጣለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መነጽሬም ላብ ይይዘዋል። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት ደርሼ ሳለሁ ባለቤቴ እራት ቀርቧል ብላ ጠራችኝ፤ እኔም በጣቴ ዝም እንድትል ባመለክታት ሽቦው ተበጠሰ። ነገ እንደ ገና ከአንድ እጀምራለሁ።